ከላስ ቬጋስ ወደ ግራንድ ካንየን በመኪና፦ ዌስት ሪም፣ ሳውዝ ሪም ወይስ ኖርዝ ሪም?

ቬጋስ ውስጥ «ግራንድ ካንየን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብላችሁ ሁለት ሰው ብትጠይቁ ሁለት መልስ ልታገኙ ትችላላችሁ። አንዱ «ሁለት ሰዓት ተኩል» ይላል። ሌላው «ኧረ አምስት ሰዓት ነው!» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሄዱት ግን የተለያየ ቦታ ነው።

አሪዞና ውስጥ ያለው ይህ ገደል 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከቬጋስ የሚነሳ ሰው በመኪና የሚደርስባቸው ዋና ዋና ጠርዞች ሦስት ናቸው፤ ዌስት ሪም፣ ሳውዝ ሪም እና ኖርዝ ሪም። አንዱ ጋ ከደረሱ በኋላ «እስኪ ያኛውንም አየት ላድርግ» ማለት አይቻልም። ሳውዝ ሪም ላይ ቆማችሁ ኖርዝ ሪምን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። በአየር 16 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በመኪና ግን 215 ማይል ዞራችሁ ነው የምትደርሱት። ስለዚህ ምርጫው ከቤት ሳይወጣ ማለቅ አለበት።

አቋሜን ከአሁኑ ልንገራችሁ። አንድ ሌሊት ማደር ከቻላችሁ ሳውዝ ሪም ሂዱ። ማደር ካልቻላችሁ ዌስት ሪም ይሻላችኋል። ኖርዝ ሪም ሳውዙን አይቶ ለጠገበ ሰው ነው፤ አሁን ደግሞ ከ2025ቱ ሰደድ እሳት በኋላ ሌላ ጥያቄም አለበት። ምክንያቱን አንድ በአንድ እንየው። መንገዱ ላይ ያለው ምልክት ሁሉ በማይል ስለሆነ የመንገዱን ርቀት በማይል ነው የምጽፈው። ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር።

መጀመሪያ መኪናው ውስጥ ማን አለ?

ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከፎቶ ነው። እኔ ከተሳፋሪው ብትጀምሩ እመርጣለሁ።

እናትና አባት ከአገር ቤት መጥተው ልታሳዩአቸው ነው? ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ የመኪናው ሰዓት ርዝመት ከገደሉ ጥልቀት በላይ ወሳኝ ነው። ትናንሽ ልጆች አሉ? በአምስት ሰዓት ጉዞ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምትቆሙ ታውቁታላችሁ። የሚነዳው አንድ ሰው ብቻ ነው? እሱስ የሌሊት ሽፍት ጨርሶ የሚነሳ ነው? ቬጋስ ውስጥ የሌሊት ሥራ ብርቅ አይደለም። ስምንት ሰዓት ሠርቶ፣ ሳይተኛ መሪ የያዘ ሰው ካለ የትኛውም ሪም አይመከርም። ጉዞው በአንድ ቀን ይዘግይ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። በረሃው መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ ለረጅም ጊዜ መታጠፊያ የለውም። እንቅልፍ የሚያመጣም እንደዚህ ዓይነቱ መንገድ ነው።

ዌስት ሪም፦ ለአንድ ቀን

ከቬጋስ 130 ማይል ያህል ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። በሀይዌይ 93 ወደ ደቡብ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ በፒርስ ፌሪ መንገድ ትታጠፋላችሁ። የመጨረሻው ክፍል በፊት ጠጠር ነበር። ከ2014 ጀምሮ ግን አስፋልት ስለሆነ ማንኛውም የቤት መኪና ይሄዳል። በመንገድ ላይ የጆሹዋ ዛፎችን ጫካ ታልፋላችሁ። ቆም ብሎ ማየት ያስደስታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዌስት ሪም የብሔራዊ ፓርኩ አካል አይደለም። መሬቱ የዋላፓይ ሕዝብ ነው፤ የሚያስተዳድሩትም እነሱ ናቸው። የፓርክ ዓመታዊ ፓስ ይዛችሁ ብትሄዱ አይሠራም። ክፍያውም በመኪና ሳይሆን በሰው ነው።

ዝነኛው ነገር ስካይዎክ ነው። በ2007 የተከፈተ፣ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የተሠራ፣ ወለሉ መስታወት የሆነ ድልድይ ነው። ከገደሉ ጫፍ 21 ሜትር ወደ አየር ይወጣል። የኮሎራዶ ወንዝ ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚፈሰው። ከፍታ የሚፈራ ሰው አብሯችሁ ካለ አታስገድዱት። ትኬቱ ለብቻ ስለሚቆረጥ ለማይወጣ ሰው አትክፈሉ።

ከስካይዎኩ ይልቅ እኔን የሚስበኝ ጓኖ ፖይንት ነው። ጫፉ ድረስ ትሄዳላችሁ፣ ገደሉ በግራና በቀኝ ይከፈታል፣ የኮሎራዶ ወንዝም ከታች በግልጽ ይታያል። በ1950ዎቹ ከማዶ ዋሻ የሌሊት ወፍ ኩስ ለማዳበሪያ ያጓጉዙበት የነበረው የኬብል መስመር ፍርስራሽ አሁንም ቆሟል። መኪናችሁን መግቢያው ላይ ታቆማላችሁ፣ ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ነው ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው የሚያመላልሳችሁ። ሦስት ወይም አራት ሰዓት ለሁሉም ይበቃል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተነሳ ሰው ሳይመሽ ቤቱ ይገባል።

ጉድለቱስ? ገደሉ እዚህ ጠበብ ይላል፤ ጥልቀቱም ከሳውዙ ያንሳል። ፎቶ ላይ የምታውቁት፣ ቀይና ሮዝ ቀለሙ ንብርብር እየሆነ ዓይን እስከሚደርስበት የሚዘረጋው እይታ ይህ አይደለም። ዌስት ሪምን አይቶ «ግራንድ ካንየን ይኸው ነው እንዴ?» ያለ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ የምትወስዱትን እንግዳ ቀድማችሁ ንገሩት። አውቆ የሄደ ተደስቶ ይመለሳል።

ሳውዝ ሪም፦ ማደር ለሚችል

280 ማይል ነው። ሳይቆሙ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ። በ93 እስከ ኪንግማን፣ ከዚያ በኢንተርስቴት 40 ወደ ምሥራቅ እስከ ዊሊያምስ፣ ከዊሊያምስ በ64 ወደ ሰሜን። መንገዱ ቀላል ነው፤ መሳሳት ይከብዳል። ግን ስልካችሁ ላይ «ግራንድ ካንየን» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። «ሳውዝ ሪም ቪዚተር ሴንተር» በሉ። አለዚያ ካርታው ያሻው ቦታ ሊወስዳችሁ ይችላል።

ብሔራዊ ፓርኩ በ1919 የተቋቋመ ነው። በ1979 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሳውዝ ሪም ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። እዚህ ገደሉ ከ1,500 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ኮሎራዶ ወንዝ ገደሉን መቦርቦር የጀመረው የዛሬ አምስት ወይም ስድስት ሚሊዮን ዓመት ግድም ነው ይላሉ የሥነ ምድር ሰዎች። ከሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ ግን ከ1.7 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ቁጥሩ ለአእምሮ ከከበደ ከያቫፓይ ሙዚየም ተነስቶ ወደ መንደሩ የሚሄደውን የእግር መንገድ ያዙ። እያንዳንዱ ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት ተደርጎ ተሰፍሯል፤ ከየዘመኑ የተወሰደ ድንጋይም ዳር ዳሩን ተተክሏል። ልጆች እየነኩት ይሄዳሉ። መንገዱ ለጥ ያለ አስፋልት ስለሆነ ጋሪም፣ ዊልቼርም ይገፋበታል። ጉልበታቸው ለሚያማቸው ወላጆች ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

«ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይቻልም?» የሚለው ጥያቄ የማይቀር ነው። ይቻላል። ብዙ ሰው ያደርገዋል። የቱር አውቶቡሶችም በየቀኑ ያደርጉታል፤ ቀኑ ግን 14 ሰዓት ያህል ይሆናል። እኔ የማልመክረው በሁለት ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ብርሃኑ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከላይ ስትወርድበት ገደሉ ጥላ ያጣል። ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ጥልቀቱም አይታወቅም። ገደሉ ገደል የሚሆነው ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ነው። በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለስ ሰው የሚደርሰው እኩለ ቀን አካባቢ፣ የሚነሳው ደግሞ ከጀንበር መጥለቅ በፊት ነው። 560 ማይል ነድቶ ደብዛዛውን ሰዓት ብቻ ማየት ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው መመለሻው ነው። ጀንበሯ ስትጠልቅ እንይ ካላችሁ በጨለማ ነው የምትነዱት። ከፓርኩ እስከ ዊሊያምስ ባለው መንገድ ላይ ኤልክ የሚባለው ትልቅ የአጋዘን ዘር ሲመሽ ይሻገራል። ክብደቱ መኪና የሚያደቅቅ ነው።

ስለዚህ አንድ ሌሊት እደሩ። የት? ሦስት አማራጭ አለ። ፓርኩ ውስጥ ጠርዙ ላይ ያሉት ሎጆች አሉ፤ በ1905 የተከፈተውን ኤል ቶቫርን ጨምሮ። ከአልጋ ተነስቶ ፀሐይ ስትወጣ በእግር ሄዶ ማየት የሚቻለው ከእነዚህ ነው። ግን ከብዙ ወራት በፊት ያልቃሉ። ከፓርኩ በር ውጭ ቱሳያን አለች፤ ቅርብ ናት፣ ዋጋዋ ግን ወደድ ይላል። ዊሊያምስ አንድ ሰዓት ይርቃል፤ ብዙውን ጊዜ ርካሽ ነው፤ ለቬጋስም ይቀርባል። ለቤተሰብ ዊሊያምስን እመርጣለሁ። ለሁለት ሰው ብቻ ከሆነና ፓርኩ ውስጥ ክፍል ከተገኘ ግን ዓይን ሳያሹ መያዝ ነው። የትኛውንም ስትይዙ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ይሁን። ፓርኩ ውኃ የሚያገኘው ገደሉን አቋርጦ በሚያልፍ ያረጀ ቧንቧ ነው። በ2024 ነሐሴ መጨረሻ ቧንቧው ተሰብሮ ፓርኩ ውስጥ ያሉ ሆቴሎች ለቀናት እንግዳ ማሳደር አቁመው ነበር።

ከደረሳችሁ በኋላ መኪናውን ቪዚተር ሴንተሩ አቁማችሁ በነፃው ሸትል፣ በፓርኩ አውቶቡስ፣ ተጠቀሙ። በበጋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ማቆሚያው ስለሚሞላ ቀደም በሉ። ሄርሚት ሮድ የሚባለው ሰባት ማይል መንገድ ከማርች እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ለግል መኪና ዝግ ነው። በሸትሉ ሂዱ። ሆፒ ፖይንት ላይ ወርዳችሁ ጀንበሯን ጠብቁ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ በመኪናችሁ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዴዘርት ቪው ንዱ። 25 ማይል ገደማ ነው። መንገዱ ላይ ያሉት ማቆሚያዎች ከመንደሩ ይልቅ ፀጥ ያሉ ናቸው። መጨረሻው ላይ ሜሪ ኮልተር የተባለችው አርክቴክት ነድፋው በ1932 የተሠራው የድንጋይ ግንብ አለ። ከዚያ ሆኖ ወንዙ ሲታጠፍ ይታያል።

ወደ ገደሉ መውረድ ለሚያምራችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በአንድ ቀን ወንዙ ድረስ ወርዶ ለመመለስ እንዳትሞክሩ። ፓርኩም በግልጽ ይከለክላል... ማለቴ፣ በሕግ ሳይሆን በየምልክቱ አጥብቆ ያስጠነቅቃል። መውረዱ ቀላል ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ለመውጣት የወረዳችሁበትን እጥፍ ጊዜ ያዙ። በበጋ ታችኛው ክፍል ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ለመቅመስ ያህል ከሆነ በሳውዝ ካይባብ መንገድ ኡ አ ፖይንት እስከሚባለው ድረስ ውረዱ። ሲወርዱ 1.4 ኪሎ ሜትር ነው፣ እይታው አፍ ያስከፍታል። መንገዱ ላይ ውኃ ስለሌለ ከላይ ሞልታችሁ ያዙ። ባዶ ኮዳ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከቧንቧ ትሞላላችሁ። ደግሞ ብዙዎቹ የጠርዝ ቦታዎች አጥር የላቸውም። ልጅን በእጅ መያዝ፣ ሴልፊ ስታነሱም ወደ ኋላ አለመራመድ።

ኖርዝ ሪም፦ አሁን ላይ

ከቬጋስ ወደ 270 ማይል ነው። መንገዱ ግን ሌላ ነው። በኢንተርስቴት 15 ወደ ዩታ፣ ከዚያ በፍሪዶኒያና በጄከብ ሌክ። ከሦስቱ ከፍ ያለው እሱ ነው፤ ከ2,400 ሜትር በላይ። ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ፣ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ሰውም ጥቂት። ወቅቱም አጭር ነው፤ በተለምዶ ከሜይ አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ። በረዶ ሲጥል መንገዱ ይዘጋል።

ሐምሌ 2025 ግን ነገሩን ለወጠው። በመብረቅ የተነሳው የድራገን ብራቮ ሰደድ እሳት ታሪካዊውን ግራንድ ካንየን ሎጅንና ብዙ ሕንፃዎችን አወደመ። የዚያ ዓመት ወቅትም በአብዛኛው እዚያው አበቃ። ያንን ሎጅ ያየ ሰው ሐዘኑ ይገባዋል። ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ድረ ገጽ ከፍታችሁ የትኛው መንገድና የትኛው እይታ ክፍት እንደሆነ ሳታረጋግጡ ወደዚያ እንዳትነዱ። የመጀመሪያ ጉዞ ለሆነ ሰው ለጊዜው አልመክርም። ወደ ሰሜን መሄድ ብቻ ከሆነ ያማራችሁ ዛየን ብሔራዊ ፓርክ በዚያው አቅጣጫ አለ። ከቬጋስ ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ በአንድ ቀን ይበቃል።

ገንዘቡ

እዚህ ላይ ሰው የሚጠብቀው «ቅርቡ ይረክሳል» የሚለውን ነው። ሁልጊዜ አይደለም።

ሳውዝ ሪም በአንድ የግል መኪና 35 ዶላር ነው፤ ውስጡ የፈለገው ሰው ይኑር። ለሰባት ቀን ያገለግላል። ዌስት ሪም ግን በነፍስ ወከፍ ስለሆነ አራት ጎልማሶች ስካይዎክን ጨምረው ከ200 ዶላር በላይ ይከፍላሉ። በሌላ በኩል የነዳጁ ልዩነት አለ። በጋሎን 28 ማይል የሚሄድ መኪና ለዌስት ሪም ደርሶ መልስ ዘጠኝ ጋሎን ተኩል ያህል፣ ለሳውዝ ሪም 20 ጋሎን ይፈልጋል። የሆቴሉንም ጨምሩበት። እንግዲህ ለሁለት ሰው ዌስት ሪም ይረክሳል። መኪናው ሙሉ ከሆነ ግን ልዩነቱ በጣም ይጠባል፤ ሆቴሉ ዊሊያምስ ከሆነ ደግሞ እኩል ሊሆንም ይችላል።

አዲስ ነገር አለ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ግራንድ ካንየንን ጨምሮ በ11 ፓርኮች፣ ዕድሜው 16 እና ከዚያ በላይ የሆነ የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ ጎብኚ ተጨማሪ 100 ዶላር እንዲከፍል ተወስኗል። እናትና አባት ለጉብኝት መጥተው ከሆነ ይህ 200 ዶላር ነው። ለእነሱ ስትሉ ሳውዝ ሪምን ያሰባችሁ ሂሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ። ዌስት ሪም የፌዴራል ፓርክ ስላልሆነ ይህ ክፍያ አይነካውም። የነዋሪው ዓመታዊ ፓስ 80 ዶላር ነው፤ በዓመት ሁለት ሦስት ፓርክ የሚያይ ቤተሰብ ያተርፍበታል።

መኪናና አየር

ለሦስቱም ትልቅ ባለ አራት ጎማ መኪና መከራየት አያስፈልግም። ጎማውና ኤሲው ደህና ይሁን እንጂ ተራ ሴዳን ይበቃል። ከተከራያችሁ ማይሉ ያልተገደበ መሆኑን እዩ፤ ሁለተኛ ሹፌርም አስመዝግቡ። የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ኪንግማን ላይ፣ ወይም ከዊሊያምስ በስተምሥራቅ ባለችው ፍላግስታፍ ቻርጅ ማድረግ ይችላል፤ ዳገቱ ባትሪ እንደሚበላ ግን አስቡበት። ነዳጅ ኪንግማን ላይ ሙሉ፤ ወደ ፓርኩ በተጠጋችሁ ቁጥር ይወደዳል።

አየሩ ብዙ ሰው ያታልላል። ቬጋስ 600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ሳውዝ ሪም 2,100 ሜትር። ከአዲስ አበባ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው ማለት ነው። ቬጋስ በ42 ዲግሪ ስትነድ ሳውዝ ሪም 28 ሊሆን ይችላል፤ ሌሊቱ ደግሞ ጃኬት ያስለብሳል። በክረምት በረዶ ይጥላል። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ የምትሄዱ ከሆነ 511 ደውላችሁ የኢንተርስቴት 40ን ሁኔታ ጠይቁ፤ ዊሊያምስ አካባቢ በረዶው ከባድ ነው። ትንበያው መጥፎ ከሆነ ዌስት ሪም ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ የተሻለ ዕድል አለው። በኔ ግምት ለሳውዝ ሪም ምርጡ ጊዜ ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር ነው። ሙቀቱ በርዷል፣ ተማሪውም ትምህርት ቤት ገብቷል።

በመንገድ ላይ ሁቨር ግድብ አለ። ወደ ዌስትም ወደ ሳውዝም ስትሄዱ ታልፉታላችሁ። በ1930ዎቹ የተሠራ፣ 221 ሜትር ቁመት ያለው ነው። በ2010 የተከፈተው አዲሱ ድልድይ ላይ መኪና ውስጥ ሆኖ ግድቡ አይታይም፤ መኪናውን አቁሞ የእግረኛውን መንገድ መውጣት ያስፈልጋል። ሲሄዱ ሳይሆን ሲመለሱ ቢሆን ይሻላል። ጠዋት ላይ ያባከናችሁት ሰዓት ገደሉ ጋ ያጥራችኋል።

የሰዓት ነገርም አትርሱ። አሪዞና በበጋ ሰዓት አይቀይርም። ከማርች እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ የቬጋስና የግራንድ ካንየን ሰዓት ተመሳሳይ ነው። በክረምት ግን አሪዞና በአንድ ሰዓት ይቀድማል። የስካይዎክ ትኬት በሰዓት ቆርጣችሁ ከሆነ፣ ወይም ጀንበር ስትጠልቅ ለመድረስ ካሰባችሁ፣ በክረምት ከቬጋስ በአንድ ሰዓት ቀድማችሁ ተነሱ።